በአልጋ ክምር ላይ አንዲት ጥሪ

በአንድ ወቅት፣ በጣም ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳታዛጉ፣ ሰው ስልክ በኪሱ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ነው፣ ጉሙት በሚባል ሸለቆ ውስጥ አንድ የምርምር ጣቢያ ነበረ። ጉሙትን ዙሪያውን ተራራ ከቦታል፤ ጉም ደግሞ እንደ ሥራ ፈት እንግዳ አንዴ ከገባባት አይወጣም። ብርዱማ አይነሳ! እዚያ ያደረ ሰው ጠዋት መጀመሪያ የሚዳብሰው አፍንጫውን ነው፤ አለ ወይስ ወድቋል ብሎ።

የማደሪያው ኃላፊ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። አልጋው፣ አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ቁልፉ ሁሉ በእሷ እጅ ነው። የፈለገ የተማረ፣ የፈለገ የተሾመ ይምጣ፣ ጉሙት ሲደርስ "እትዬ ዘርፌ፣ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ" ብሎ ያልለመናት የለም። እሷም "የትናንቱን ምን አደረግከው? በላኸው?" ትለዋለች፤ ከዚያ ትጨምርለታለች።

የማደሪያው ነገር ተወርቶ አያልቅም። አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው፤ ከላይ ያለው ሲገላበጥ ከታች ያለው ኃጢአቱን ይናዘዛል። መታጠቢያው ከሥሩ እሳት የሚነድበት በርሜል ነው፤ ቀድሞ የገባ ይንቀጠቀጣል፣ ዘግይቶ የገባ ይቀቀላል፣ ልክ የሆነ ውሃ የደረሰው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሽንት ቤቱ ደግሞ ሸለቆውን ቁልቁል ያሳያል፤ እንዲያ ያለ ዕይታ ቤተ መንግሥትም የለ። በሩ ግን አይዘጋም። ስለዚህ የገባ ሁሉ መዝፈን አለበት፤ "ሰው አለ" ለማለት። ዘበኛው ጋሽ አሻግሬ ፉከራ ነው የሚወደው፤ እሱ ሲገባ ጭላዳዎቹ ገደሉን ለቀው ይሸሹ ነበር አሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን አንድ አልጋ ነው። የዘርፌ አልጋ። እቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ተዘርግቷል። በሁለቱ ተራሮች መሀል ካለችው ክፍተት ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ በጉሙት ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ትራስ ላይ ብቻ ነው። አንድ ክንድ ዝቅ ካሉ ይጠፋል። ተራራው ላይ ቢወጡ ድንጋዩ ይጋርደዋል። ስለዚህ ወገኑ የናፈቀው ሁሉ መሰላሉን ወጥቶ፣ በዘርፌ ትራስ ላይ ተንጋሎ፣ ጆሮውን ወደ ጣሪያው ለጥፎ ይጮኻል። እየጮኹ ካላወሩ አይሰማማ!

እንግዲህ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ከታች ሽንኩርት የሚልጠው ይሰማል፣ ጫማውን የሚጠርገው ይሰማል። ሰምቶም ዝም አይል፤ "የኔንም ሰላምታ አድርስልኝ!" ይላል። አንዱ የሌላውን እናት በዓይኑ ሳያያት ያውቃታል፤ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ላሟ እንደወለደች፣ ከጎረቤቷ እንደተጣላች።

ክረምት ሲገባ ተመራማሪዎቹ ወደ ከተማ ወረዱና ሦስት ሰዎች ብቻ ቀሩ። ሦስቱም በዚያ አልጋ የሚናፍቁት ሰው ነበራቸው።

አንዱ ምንተስኖት ነው። ተምሮ ተምሮ፣ መነጽር አጥልቆ፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚውል ጎልማሳ። ማሕደር የምትባል ልጅ ይወዳል። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ አቶ ዘለቀ መለሱበት። "ልጁ የት ነው?" አሉ። ፍልፈል ጋ። "ምን ይሠራል?" ፍልፈሉን ያያል። "ፍልፈሉስ ምን ይሠራል?" ይቆፍራል። "እንግዲያው ከሁለቱ ፍልፈሉ ይሻላል፤ ሥራ አለው" ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። በሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ግን ልባቸው ትንሽ ራራና "እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ ኑ። ልጁ ሩቅ ከሆነ በስልክም ይሁን፣ ራሱ በድምፁ ይጠይቀኝ። ካልሰማሁት ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ" አሉ። ማሕደርም ለምንተስኖት "የአባቴን እርግማን ተሸክሜ አላገባህም" ብላዋለች። ይህን ያለችው ስልክ ላይ ስለሆነ ከታች ያለው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

ሌላው ጋሽ አሻግሬ ነው። አባቱ ሲሞቱ ለእሱና ለታላቅ ወንድሙ ለአባተ አንዲት በቅሎ ተዉላቸው። አሻግሬ "የኔ ናት" አለ፣ አባተ "የኔ ናት" አለ። ሲካሰሱ፣ ሽማግሌ ሲያመላልሱ፣ በቅሎዋ አርጅታ፣ ጥርሷ ረግፎ፣ ማንም ሳይጋልባት ሞተች። በቅሎዋን ቀበሩ፤ ጠቡን ግን መቅበር ረሱ። አሻግሬ አንዳንዴ ቆጡ ላይ ይወጣና ይደውላል። ወንድሙ "ሃሎ" ሲል ዝም ይላል። "ሃሎ! ማነው?" ሲባልም ዝም። ትንሽ አድምጦ ዘግቶ ይወርዳል። በጉሙት ያልተጮኸበት ጥሪ ይኸ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ መንገደኛ ከአባተ መልእክት አመጣ፦ "ደውሎ ዝም የሚለኝ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንፋሹን አላጣውም። ሰኞ ማለዳ ገዳም እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ስልክም የለኝ፣ ይኸም ስም የለኝ። እስከዚያ አንዴ ይናገርና ይቅር እንባባል።"

ሦስተኛዋ ራሷ ዘርፌ ናት። እናቷ እማማ የሺመቤት መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የጎረቤቶቻቸውን ስም ረሱ፤ እሱስ ዕረፍት ነው ተባለ። ቀጥሎ ባላቸው መሞታቸውን ረሱና ምሳ ያስቀምጡላቸው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጆቻቸው ጋ ደረሰ። ባለፈው ስትደውል፣ ወንድሟ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው።

"እማዬ፣ ዘርፌ ነኝ!"

"የትኛዋ ዘርፌ?"

"ልጅሽ!"

"ልጅ አለኝ እንዴ?" አሉና ሳቁ፤ በጨዋ ሳቅ፣ እንግዳን ላለማሳፈር እንደሚሳቀው።

ልትዘጋ ስትል ግን ድንገት "ኩርፊያዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው ድምፅሽ ራቀ?" አሏት። በልጅነቷ ስታኮርፍ ጎተራ ውስጥ ገብታ ትውል ስለነበር፣ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። መስመሩ እዚያው ተቆረጠ። ከታች አሻግሬና ምንተስኖት ዓይናቸውን ሲጠርጉ ተገኙና በሽንኩርቱ አሳበቡ። በዚያ ቀን ግን የተሠራው ድንች ነበር።

እንግዲህ ሦስቱም ቀኑን እየጠበቁ ሳሉ በረዶ መጣ። እንቁላል የሚያክል ነበር የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው፤ ዶሮዋን ራሷን ያክል ነበር። ከተራራው ጎርፍ ወረደ። ድልድዩን ወሰደ፣ መንገዱን ናዳ ደፈነው። ክረምቱ ሳያልፍ ከጉሙት መውጣት ቀረ። የጣሪያው ሶላር ደቀቀ፤ ከእሱም አንዲት ሰሌዳ ብቻ ተረፈች። ይህም አልበቃ ብሎ ውሃው እቃ ቤቱን መታው።

ምንተስኖት ያን ጊዜ በሩ ላይ ነበር። ከወዲህ የፍልፈል ጥናቱ ሁሉ ያለበት ሳጥን ይንሳፈፋል፤ ዕድሜውን የፈጀበት። ከወዲያ የሁሉም ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቅርጫት ይንሳፈፋል። "ሳጥኑን!" ብሎ አሻግሬ ጮኸ። ምንተስኖት ሳጥኑን አየው፣ ከዚያ ቅርጫቱ ላይ ዘሎ ወደቀ። ጎርፉ አገላበጠው፣ ግንድ አጋጨው፣ መነጽሩን ነጠቀው። ሲወጣ ጭቃ ለብሶ ስለነበር ፍልፈሎቹ ዘመድ መጣ ብለው ብቅ አሉ አሉ። ከቅርጫቱ የተረፈችው አንዲት የጣቢያው ስልክ ናት፤ ባለ ቁልፏ፣ አሮጌዋ። ጤፍ ውስጥ ቀብሮ አደረቃት። ስትበራ የሁሉም ልብ በራ፤ ወዲያው ባትሪዋ አልቆ ጠፋች።

አሻግሬ እሑድ ማለዳ ተነሳ። ጉሙ ሸለቆውን እንደ ድስት ክዳን ገጥሞታል፤ ፀሐይ የለም። "ከጉሙ በላይ ግን አለች" አለ። ጉልበቱ ደረጃ እንኳ የማይወጣ ሰው፣ የተረፈችውን ሶላር እንደ በር ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ስልኳን በብብቱ ይዞ ወደ ተራራው ተነሳ። ገሚሱን በእግሩ፣ ገሚሱን በእጁ ወጣው። ከጉሙ በላይ ሲደርስ ሶላሯን ዘረጋ፣ ከነፋስ በጋቢው ጋረዳት፣ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ስትገባ "ውጪ እንጂ፣ ምን አስደበቀሽ! አንቺም ፍልፈል ሆንሽ?" እያለ እየተቆጣት ዋለ። ሲወርድ ዳጡ አዳለጠው። ስልኳን ደረቱ ላይ አቀፈ፤ ሶላሯ ገደል ገባች። እሱ ግን ደረሰ። በስልኳ ላይ አንዲት ቀጭን የባትሪ መስመር በርታለች።

ዘርፌ ደግሞ እሱ ተራራ ላይ ሳለ፣ የፈረሰው እቃ ቤት ፊት ቆማ ሽቅብ ስታይ ነበር። ቆጡ የለም፣ ጣሪያው የለም፣ አልጋዋ የለም። ትራሷ የነበረበት ቦታ ባዶ አየር ላይ ቀርቷል። "ምን ታያለሽ እትዬ?" አላት ምንተስኖት።

"መኝታዬን" አለች። "ቆጡ ነው የሄደው እንጂ ቦታውስ እዚያው ነው።"

ከዚያ ቁልፏን መዘዘች። ክፍል ሁሉ ከፍታ አልጋ አወጣች። ተደራራቢውን በተደራራቢው ላይ ጫነች፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ጠፈረች፣ እንዳይናወጥ በድንች ጆንያ አስደገፈች፣ የምግብ ቤቱን ጠረጴዛ ጨመረች። ምንተስኖት ሊረዳት ቢጠጋ "ያለ መነጽር እጅህን ከአልጋው ጋር ትጠፍረዋለህ፤ ዞር በል!" አለችው። ለትልልቅ እንግዶች ብቻ የሚወጣውን ፍራሽ ሳይቀር ለመርገጫ አደረገችው። እስከ ተሲያት በጉሙት ሰው የሚያርፍበት አንድ አልጋ አልቀረም፤ ሁሉም ወደ ሰማይ ወጥቷል። የባቢሎን ሰዎች ቢያዩ "እኛስ ጡብ ብለን ተሳሳትን" ይሉ ነበር።

ስልኳ ደረሰች፣ ቦታው ተሠራ። ምንተስኖት ስልኳን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አያትና "ውሃ የጠጣች ባትሪ ናት። አንድ ጥሪ ብትይዝ ነው፤ እሱንም አጭር" አለ።

ሦስቱም ተያዩ። መልእክት ይጻፍ እንዳይባል፣ አቶ ዘለቀ ድምፅ ካልሰማሁ ብለዋል፣ አባተ ከዳዊት ሌላ አያነብም፣ እማማ የሺመቤትም ፊደሉን ረስተዋል። በሰው ይነገር እንዳይባል፣ "ይቅር በለኝ" በሰው አፍ ምን ይሆናል?

"እኔ ነኝ ከጎርፍ ያወጣኋት" አለ ምንተስኖት። "ሳጥኔን ትቼ። ሽማግሌዎቹ አሁን እዚያ ቤት ተቀምጠዋል። ሲመሽ ይነሳሉ።"

"በድን ነበር ያወጣኸው" አለ አሻግሬ። "ነፍስ የዘራሁባት እኔ ነኝ። አንተ ወጣት ነህ፤ ሴት ወይዘሮ ሞልቷል። ወንድም ከየት አመጣለሁ? ነገ ማለዳ እኮ ነው!"

"ሴት ሞልቷል? ጋሼ፣ አንተ በቅሎ ሞልቶ አይደል እንዴ በአንዷ የተጣላኸው!"

አሻግሬ ዱላውን ጭቃው ላይ ሰካ።

"እትዬ ዘርፌ ግን ቀን አልተቆረጠባትም" አለ ምንተስኖት ቀስ ብሎ። "መንገዱ ሲከፈትም ትደውላለች።"

ዘርፌ ገመዱን እያጠበቀች ነበር። ሳትዞር "እናንተ የመጨረሻ ቀናችሁን ታውቁታላችሁ" አለች። "የኔ የቱ እንደሆነ ማን ነገራችሁ? ምናልባት ነገ ነው። ምናልባት ባለፈው ሳምንት ነበር።"

በዚህ መሀል ስልኳ መብረቅረቅ ጀመረች፤ ያቺ ቀጭን መስመር ታየች ጠፋች፣ ታየች ጠፋች ትላለች። ጉሙም በሁለቱ ተራሮች ክፍተት በኩል እየተግተለተለ መጣ። ምንተስኖት ዘሎ ክምሩን ያዘ፤ አንድ እግሩን ሲያነሳ አልጋው ሁሉ አብሮ አቃሰተ፣ አንድ ድንች ተንከባሎ ወደቀ። እሱ ከባድ ነው፣ ክምሩ አይችለውም። አሻግሬ ሞከረ፤ ጉልበቱ ተራራው ላይ ቀርቷል፣ አልታጠፍ አለው። የቀረችው ቀጭኗ ዘርፌ ናት።

"ውጪ!" አሏት ሁለቱም።

"ወጥቼ ማን ጋ ልደውል?"

"መጀመሪያ ውጪ!"

ስልኳን በጥርሷ ነክሳ ወጣች። አንደኛው አልጋ ተወዛወዘ፣ ሁለተኛው ጮኸ፣ ጠረጴዛው አጎነበሰ። በምታውቀው አልጋ ሁሉ ላይ ረገጠች፤ ፕሮፌሰሩ ያንኮራፋበት፣ ፈረንጇ አገሯ ናፍቋት ያለቀሰችበት፣ አንሶላውን እሷ ያጠበችው። ጫፉ ላይ ደርሳ ተንጋለለች፤ ራሷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ ትራሷ የነበረበትን አየር በጭንቅላቷ ፈለገችው። አገኘችው። ኔትወርኩ መጣ።

"መጣ!" ብላ ጮኸች።

ከታች ሁለቱም በአንዴ ቁጥር ይጮኹ ጀመር። ምንተስኖት የማሕደርን ቁጥር ከአቡነ ዘበሰማያት በተሻለ ያውቀዋል። አሻግሬ የአባተን በዱላው ላይ ቀርጾታል፤ ዱላውን እየዳበሰ ይጠራል። ዘርፌ ሁለቱንም ሰማች፤ ሁለቱንም ድሮም ታውቃቸው ነበር፤ ስንት ጊዜ እዚያ ትራሷ ላይ ሆነው ቁጥሩን እየጠሩ ሲደውሉ ሰምታለች። የእናቷማ ጣቷ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ ሁለቱም በአንዴ ዝም አሉ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አይታወቅም። አሻግሬ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ምንተስኖት ያለ መነጽሩ ወደ ጉሙ፣ እሷ ትሆናለች ብሎ ወደገመተው አቅጣጫ አንጋጧል። "እባክሽ፣ ለኔ ደውዪልኝ" የሚል የለ፣ "ለራስሽ ደውይ" የሚል የለ። ጩኸታቸው ይሻላት ነበር።

ማሕደርን አሰበች፤ ሳታውቃት "እትዬ ዘርፌ፣ ብርድ ልብስ አትንፈጊብኝ አደራ" ብላ የምትልክባትን። ያን አሻግሬ ጋ የሚመጣውን "ሃሎ? ማነው?" አሰበች፤ ትንፋሽ ብቻ ሰምቶ ስልኩን የማይዘጋውን ሰው። ጎተራውን አሰበች፤ ጨለማውንና ከደጅ "ኩርፊያዬ፣ ውጪ፣ ምሳሽን በላሁልሽ" የሚለውን ድምፅ።

ጉሙ እግሯ ጋ ደረሰ። ዜሮ ተጫነች፣ ዘጠኝ ተጫነች። ይኸስ ቀላል ነው፤ የሦስቱም የሚጀምረው በዜሮ ዘጠኝ ነው። መንገዱ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አውራ ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ምንተስኖት ባይኖር ስልኳ ጎርፍ ሆድ ውስጥ ነበረች፤ አሻግሬ ባይኖር በድን ነበረች፤ ዘርፌ ባትኖር ድምፅ የሚደርስበት ቦታ አልነበረም። በአንድ ቤት ሽማግሌዎች በሩን እያዩ ነው፤ በአንድ ቤት አንድ ሰው ጓዙን አስሮ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል፤ በአንድ ቤት አንዲት እናት፣ የማንን እንደሆነ ሳያውቁ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ናፍቋቸዋል። "ለሦስቱም ይገባል" የሚል ብልጥ ካለ ይውጣና ሽንት ቤት ገብቶ ይዝፈን፤ መስመሯ አንዲት ናት፣ እሷም እየተብረቀረቀች ነው። በሉ፣ ጣቷ የቱ ቁጥር ላይ ይረፍ? ጥሪዋ የሚገባው ለማን ነው?